ከመሸፈኛው በፊት የሚቀድመው፦ ለአሠሪዎች የሚሰጠው የደኅንነት ምክር ሲመዘን

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ ሊፈጽማቸው የሚገባውን ግዴታዎች ይዘረዝራል። ስለ ሥራው አደጋ ማስገንዘብ፣ የመከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ የደረሰውን ጉዳትና በሽታ መዝግቦ ማስታወቅ፣ እንደ ሥራው ጠባይ የሕክምና ምርመራ በራሱ ወጪ ማስደረግ፣ የሥራው ሂደት ራሱ የጉዳት ምንጭ እንዳይሆን መከላከል ከእነዚህ መካከል ናቸው። በሐሳቡ ላይ ክርክር ያለው ሐኪም አይኖርም። ነቀፋችን የሚጀምረው አንቀጹን በፋብሪካ ባለቤት ዓይን ስናነበው ነው። ጓንት መግዛትና አቧራን ከምንጩ ማፈን በአንድ ዝርዝር ውስጥ በእኩል ማዕረግ ተቀምጠዋል፤ የትኛው እንደሚቀድም አልተነገረም። ባለቤቱ የሚቀለውን ቢመርጥ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሕግ ሁሉንም ይዘርዝር ማለታችን አይደለም፤ ዝርዝሩ የመመሪያና የምክር ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ በሥልጠናና በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለአሠሪዎች የሚደርሰው ምክር በአብዛኛው ያንኑ ጉድለት ይደግማል። የሙያ ጤና ትምህርት የመከላከያውን ቅደም ተከተል ካጸናው ቆይቷል፦ በመጀመሪያ አደገኛውን ነገር ማስወገድ፣ ካልተቻለ ጉዳቱ ባነሰ መተካት፣ ቀጥሎ በምሕንድስና ዘዴ ከሠራተኛው መለየት፣ ከዚያም የሥራውን ሰዓትና አሠራር ማስተካከል፣ በመጨረሻ የግል መከላከያ ማልበስ። በምክሩ ግን የኋለኛው ፊተኛ ሆኗል። መሸፈኛ ከገበያ ይገዛል፣ በደረሰኝ ይመዘገባል፣ ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን ይታያል፤ የአየር መሳቢያ ቱቦ መዘጋት ግን ማንም ሳያየው ይኖራል።

የጥጥ ፋብሪካን ለአብነት እንውሰድ። የጥጥ እስር የሚፈታበትና የሚናፈስበት፣ ቀጥሎም የሚባዘትበት ክፍል ከሁሉ ይልቅ አቧራ የሚበዛበት ነው። ይህ አቧራ የሚያስከትለው ቢሲኖሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ መለያው የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው ከዕረፍት መልስ ሥራ በገባበት በመጀመሪያው ቀን ደረቱ ይታፈናል፣ በተከታዮቹ ቀናት ይቀልለዋል። በሽታው ሲሰነብት ግን መታፈኑ ሳምንቱን በሙሉ ይይዘዋል፤ የሳንባውም አቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1991 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ኢንዱስትሪያል ሜዲስን የታተመ፣ በአገራችን የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በማናፈሻው ክፍል ከሚሠሩት ከመቶ ከ40 በላይ፣ በማባዘቻው ደግሞ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ በሽታው እንዳለባቸው አመልክቷል። በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ያነሰ ነበር። ለአሠሪው ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም፤ ገንዘቡን ከየትኛው ክፍል ቢጀምር እንደሚበጅ ይነግረዋልና። ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት የጨርቅ መሸፈኛ ማደል ይህን እውቀት መጣል ነው፤ ፊት ላይ የማይገጥም ጨርቅም ደቃቁን አቧራ አያስቀርም።

የአሜሪካ ታሪክ ለዚህ ይጠቅማል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈትል ሥራ የጥጥ አቧራ በሜትር ኩብ አየር ከ200 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ደንብ በወጣ ጊዜ አምራቾቹ ወጪውን አንችለውም ብለው ተሟገቱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ደንቡን አጸናው። ፋብሪካዎቹ ደንቡን ያሟሉት በዋናነት ማሽኖቹን በመክደን፣ አየሩን በመሳብና አሮጌውን በአዲስ በመተካት ነበር። አዲሶቹም ማሽኖች ምርታቸውን አፋጠኑላቸው።

የድምፅ ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የሙያ ደኅንነትና ጤንነት መመሪያ ለስምንት ሰዓት ሥራ 90 ዴሲቤል ይፈቅዳል፤ የአሜሪካው የሙያ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው ግን 85 ነው። አምስት ዴሲቤል ኢምንት ይመስላል፤ በኃይል ሲለካ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አነስተኛ አሠሪ መለኪያው ላይኖረው ይችላል። ሁለት ሰዎች በሁለት ሜትር ርቀት ቆመው ለመደማመጥ መጮኽ ከተገደዱ ጆሮ የሚጎዳ ድምፅ እንዳለ መገመት እንደሚቻል የሚነግረው ቢያገኝ ግን ያለ መሣሪያም መጀመር ይችል ነበር። እንዲህ ያለው ቀላል ነገር ከምክሩ ውስጥ መጉደሉ ያሳዝናል።

ሌላው ነቀፋችን መካሪውና ቀጪው አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ቅጣት የሚፈራ አሠሪ ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ አያማክርም። በአሜሪካ ለአነስተኛ ድርጅቶች በነፃ የሚሰጠው የምክር አገልግሎት ከቁጥጥሩ የተለየ ነው፤ መካሪው ሥራ ቦታው ድረስ ይመጣል፣ ያየውን ለተቆጣጣሪ አያደርስም፣ ቅጣትም አይጥልም። ይህ ለአጥፊ መሳሳት ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ነገር ግን አሠሪው የተገኘውን ከባድ አደጋ በተወሰነ ጊዜ ለማስተካከል አስቀድሞ ቃል ይገባል፤ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ቁጥጥሩ ይተላለፋል። የዓለም የሥራ ድርጅትም ለአነስተኛ ድርጅቶች ባዘጋጀው የሥራ ማሻሻያ ሥልጠና አሠሪዎች በአካባቢያቸው ካለ መልካም ምሳሌ ተነሥተው በርካሽ እንዲያሻሽሉ ያደርጋል። ለእኛ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ከወፍራም መመሪያ ይልቅ ይህ ይስማማል ባዮች ነን።

ሐኪሙስ? አዋጁ በአንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች ሠንጠረዥ በመመሪያ እንዲወጣና ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲሻሻል ያዝዛል። ሠንጠረዡ ግን በሽታውን የሚለይ ከሌለ ወረቀት ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በሽተኛ ስለ ሥራው እንዲጠየቅ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ አሳስቦ ነበር፤ በእኛ ተመላላሽ ክፍል ዛሬም ሳል በተደጋጋሚ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲታከም፣ «ከዕረፍት መልስ ይብስብሃል ወይ?» የምትለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። አሠሪው በራሱ ወጪ ያስደረገው ምርመራም ከየሠራተኛው ማኅደር ሳይወጣ ይቀራል። ሐኪሙ ስም ሳይጠቅስ፣ ከማባዘቻው ክፍል በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል ሰዎች በሳምንቱ መጀመሪያ በመታፈን መጥተዋል ብሎ ለአሠሪው ቢጽፍ የሕክምና ምስጢር አይጣስም፤ አሠሪውም ከየትኛው የአየር መሳቢያ ጥገና መጀመር እንዳለበት በዚያው ቀን ያውቃል።