ሳይቀባ የቀረው ወረቀት

የውሃ ቀለም ሥዕል ከዘይት ቀለም የሚለየው ከሁሉ በፊት ነጩ በሚገኝበት መንገድ ነው፤ የዘይት ቀለም ሠዓሊ ብርሃን ሲያስፈልገው ነጭ ቀለም ከላይ ይደርባል፣ በግራር ሙጫ የተለወሰው የውሃ ቀለም ግን ስስና ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ፣ ሠዓሊው ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ቦታ ገና ከጅምሩ ሳይነካ መተው አለበት። ስለዚህ በውሃ ቀለም የተሠራ አበባን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ብሩሹ ያልደረሰበትን ወረቀት ቢፈልግ ይጠቀማል።

ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1915 በምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ በምትገኘው በዎልበርስዊክ መንደር በእርሳስና በውሃ ቀለም የሠራው «ፍሪቲላሪያ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ማኪንቶሽ በይበልጥ የሚታወቀው የግላስጎውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በነደፈ አርክቴክትነቱ ሲሆን፣ የእርሳሱን መስመር ከቀለሙ ሥር አለመደበቁም የንድፍ ሰው እጅ መሆኑን ይመሰክራል። ፍሪቲላሪያ እንደ ደወል አንገቱን የደፋ አበባ ነው፤ ገጹ በሐምራዊና በፈዛዛ ካሬዎች ልክ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተከፋፈለ ነው።

ይህ የዳማ መልክ ከውሃ ቀለም ጠባይ ጋር ይጋጫል። እርጥብ ቀለም እርጥብ ቀለምን ሲነካ ድንበር አያውቅምና፣ አንዱ ካሬ ሳይደርቅ አጠገቡ ያለውን የቀባ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ሐምራዊ ጭቃ ነው፤ በሌላ በኩል ሁሉንም እያደረቁ እኩል መሙላት አበባውን የታተመ ጨርቅ ያስመስለዋል፤ ካሬዎቹም ከደወሉ ጎን ጋር አብረው ካልጎበጡ አበባው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። መልመድ ያለበት ነገር የእርጥበቱን ልክ ማወቅ ነው፣ ይህም በመጽሐፍ ብዙ የሚገኝ አይደለም። የቀለም ኩሬ ሲደርቅ፣ ቡና የፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ እንደሚታየው፣ ቀለሙ ወደ ዳር ተሰብስቦ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ይተዋል፤ ጎበዝ ሠዓሊ ይህን ጠርዝ በሁለተኛ ብሩሽ ሳያሰምር የቅጠል ዳር ያደርገዋል። በከፊል በደረቀ ቀለም ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚፈጠረውን፣ የአበባ ጎመን የሚመስለውን ጥርሳም እድፍ ግን ብዙዎች እንደ ስሕተት ይቆጥሩታል፤ ሆኖም በተጨማደደ የአበባ ቅጠል ላይ ሲውል ሆን ተብሎ ከተሠራው የተሻለበት ጊዜ አለ።

የታተመ ቅጂ እነዚህን ጠርዞች ስለሚያደበዝዝ፣ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሀንተሪያን ሙዚየም የሚገኘውን ዋናውን ሥዕል ቀርቦ ማየት ሌላ ነው። በወረቀቱ ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ የአበባው ስም፣ መንደሩና ዓመቱ ሰፍረዋል፤ ከማኪንቶሽ ስም መነሻ ፊደላት አጠገብም የሚስቱ የማርጋሬት ማክዶናልድ አሉ።