የሰይጣን ቤት ደንበኛ

አርሲ ሲባል የጭላሎ ጭጋግና የአሰላ ብርድ ብቻ ለሚመጣበት ሰው አቦምሳ ታስገርመዋለች። አርሲ ሆና ሙቀቷ ጃኬት ያስወልቃል። በልጅነቴ ከቀትር በኋላ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ ሲንከራተት፣ እኛ ጨለማ ፍለጋ እንሄድ ነበር። ጨለማው ያለው ቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ የሚንገዳገድ አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ቁልፍ ባለው ሳጥን የተቀመጠ ቴሌቪዥንና ዴክ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ሃምሳ ሳንቲም የሌለው የጆንያውን ቀዳዳ በነፃ ይጠቀማል።

ይህን ቤት አጥብቀው የሚጠሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የእናቴ የንስሐ አባት፣ ሌላው ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ሼህ። አንዳቸው ያረዱትን ሌላኛቸው አይበሉም። በጾም አይገጥሙም፣ በበዓል አይገጥሙም። በቪዲዮ ቤቱ ጉዳይ ግን ቃላቸው አንድ ነበር፤ «ሰይጣን ቤት ነው!» እናቴ ደንበኛ መሆኔን የሰማች ዕለት የደረሰብኝን እዚህ አልዘረዝረውም። በርበሬ ያለበት ታሪክ ነው።

ስሙ የቄሱም የሼሁም ፈጠራ አለመሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሲኒማ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ ንጉሡ ራሳቸው ተመልክተውታል። ሕዝቡ ግን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የተቀበለው። ለነገሩ አይፈረድበትም። ጨለማ ቤት ገብተህ፣ የሌለ ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ አይተህ ምን ልትል ነው? እኔን የሚገርመኝ ስሙ መውጣቱ አይደለም፣ ሳይወርድ መቅረቱ ነው። ያ ስም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ስንት መንግሥት አልፎ፣ አቦምሳ ድረስ መጥቶ እኔን በበርበሬ አሳጠነኝ።

ክርክሩም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ነው፤ ክፉ ነገር ያሳየ ክፉ ነገር ያስተምራል። እስቲ በዚህ ሚዛን ቤተ ክርስቲያን እንግባ። በላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ሰው የበላ ነው። ቤተሰቦቹን ሳይቀር። ታሪኩ በተአምረ ማርያም ይነበባል፤ ሥዕሉም በስንቱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለ። ልጅ ሆኜ አፌን ከፍቼ አይቼዋለሁ። በላዔ ሰብእን አይቶ ጎረቤቱን የበላ ምእመን ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሁሉም የሚያስታውሰው በመጨረሻ ለተጠማ ሰው የሰጠውን ጥርኝ ውሃ ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሥሉት ነበር። ክፉ ነው ብለው ሳይሥሉት ግን አልቀሩም።

በእስልምናው በኩል በምስል ላይ ያለው ጥንቃቄ የታወቀ ነው። ቢሆንም ሶሪያ ተወላጁ ሙስጠፋ አቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 «ዘ ሜሴጅ»ን ሲሠራ ነቢዩ አንዴም ሳይታዩ፣ ድምፃቸውም ሳይሰማ፣ ታሪካቸውን ተረከ። ካሜራው እሳቸው ባሉበት ይቆማል፤ ሰዎቹ ወደ ካሜራው ዞረው ይናገራሉ። አክብሮትና ጥበብ እንዲህ ሊስማሙ ይችላሉ። ሆኖም በ1977 ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ሊታይ ሲል ታጣቂዎች ዋሽንግተን ላይ ሰዎች አገቱ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ፊልሙ ይቁም የሚል ነበር። ሰውም ሞተ። አቃድ ራሱ በ2005 አማን ውስጥ አጥፍቶ ጠፊዎች ባፈነዱት ቦምብ ከነልጁ አለቀ። ስለ እስልምና እንዲያ የደከመ ሰው!

ይኸው ፊልም በዒድ ሰሞን እኛ ቪዲዮ ቤት ሲመጣ የፊተኛውን አግዳሚ የያዙት የሼሁ ልጆች ነበሩ። በፋሲካ ሰሞን የኢየሱስ ፊልም ሲመጣ ደግሞ ሃምሳ ሳንቲሙን የሰጠችኝ እናቴ ራሷ ናት። ሰይጣኑ በዓመት ሁለት ጊዜ የዓመት ፈቃድ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጠቡ ከምስሉ ጋር አይደለም። ፊልም ስለ ጻድቃን ሲያወራ በረከት ነው። ስለ እኛ ጓዳ፣ ስለ እኛ ሽማግሌ፣ ስለ እኛ ልጅ ማውራት ሲጀምር ሰይጣን ይሆናል።

ይህን ነገር ከሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን የተሻለ ያየው አላውቅም። «ሙላዴ» የተባለውን ፊልሙን በ2004 ሲያወጣ ሰማንያ ዓመቱን አልፎ ነበር። ከግርዛት ያመለጡ ትንንሽ ልጆች አንዲት ሴት ቤት ይገባሉ። ሴትየዋ በደጇ ላይ ገመድ ትወጥራለች። እስክትፈታው ድረስ ማንም ደፍሮ አይሻገርም። የመንደሩ ወንዶች «ሃይማኖታችን ያዝዛል» ይላሉ። እሷ ደግሞ አንድ ትልቅ ኢማም አያዝዝም ሲሉ ከሬዲዮ ሰምታለች። ታዲያ ወንዶቹ ምን አደረጉ? ኪታብ አመጡ? ተከራከሩ? ኧረ የለም። የሴቶቹን ሬዲዮ ሰብስበው መስጊዱ ፊት ከምረው አቃጠሉት። ሃይማኖቱን የምታውቀው ሬዲዮዋ ነበረች እኮ! ያቃጠሏት ስለ ዋሸች ሳይሆን እውነቱን ስለ ተናገረች ነው።

ወደ ራሳችን አርሲ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚሁ በአርሲ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክር በጠላፊዋ ጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ ለቀቃት። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት መዓዛ አሸናፊ ኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

መቼም ጠለፋን ወንጌልም ቁርኣንም አላዘዘም። በሁለቱም ዘንድ ጋብቻ ፈቃድ ይሻል። ነገር ግን ልጅቷ ከተወሰደች በኋላ ለጃርሱማ፣ ለሽምግልና የሚላኩት እነማን ናቸው? መስቀል የጨበጡ፣ ሙስበሃ የያዙ፣ ሰው የሚያከብራቸው አባቶች ናቸው። «እግዜር ያለው ሆነ» ይላል አንዱ። «አላህ የጻፈው ነው» ይላል ሌላው። በዚህች ቃል ወንጀሉ ዕጣ ፈንታ ይሆናል። ዕጣ ፈንታን ደግሞ ማን ይከሳል? ሕጉም ከእነሱ ጋር ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክስ አይቀርብበትም። በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው ይህ ቀርቶ ጠለፋ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት የሚያስቀጣ የሆነው።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን ታሪክ «ድፍረት» ብሎ ፊልም አደረገው። ቃሉ ሁለት ፊት አለው፤ መድፈርም፣ መደፈርም። ፊልሙ በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። አንጀሊና ጆሊም በፕሮዲውሰርነት ስሟን ሰጠችው። እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የምወድለት ሽማግሌዎቹን ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ ጭራቅ አላደረጋቸውም። ተራ ጠብቀው የሚናገሩ፣ የሚያዝኑ፣ አገር እንዳይፈርስ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀል ነበር። ደግ ሰዎች ተሰብስበው፣ የልጅቷን ሕይወት ልጅቷ በሌለችበት ሲቆርጡ ታያለህ። ይህን በስብከት ብትናገረው ስድብ ይሆናል። በፊልም ሲታይ ግን ሽማግሌው ራሱን ያየዋል። የሐሳብ ነፃነት ማለት ለኔ ከዚህ ይጀምራል።

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዳው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ «በፍርድ ቤት ታግዷል» ተባለ። ወሬውን ስሰማ አፌ ላይ የመጣው አንድ ነገር ነው፤ «ሰይጣን ቤት ያሉት ሰዎች ናቸው!» ቄስ፣ ሼህ፣ ጃርሳ፣ ካድሬ፣ ሁሉንም በልቤ ወቀስኩ።

ተሳስቼ ነበር። «ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ወሰዱብኝ» ብላ የተነሣችው አበራሽ ራሷ ነበረች።

አይ መቅለል! ስንት ዘመን ስለ ነፃነት ሳወራ ኖሬ፣ የታፈነው ፊልሙ ነው ብዬ ስጮህ፣ ለልጅቷ አንድ ቃል እንኳ አልተረፈኝም። ፊልሙን ኋላ እገዳው ተነሥቶ ሳየው ዓይኔ ሌላ ነገር ፈለገ። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዕግሥት ሳይሆን ዝምታ የበዛባትን ልጅ ደግሞ ትዝታ ሐገሬ በሚገባ ተጫውተዋል። ነገር ግን በፊልሙ አበራሽ የለችም፤ ሂሩት ናት። የጠበቃዋ ስም ግን መዓዛ አሸናፊ እንደሆነ ቀርቷል። ጠበቃዋ ትናገራለች፣ ትሮጣለች፣ ትሟገታለች። ልጅቷ ትሰማለች። ፊልሙ ልጅቷን ከማናገር ይልቅ ስለ ልጅቷ መናገር ይቀናዋል። ከሽማግሌዎቹ ጋር በዚች አንዲት ነገር ተመሳሰለ።

አርሲ ከዚያ በፊት ሌላ ፊልም ታውቃለች። በ1999 ዲዝኒ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሕይወት «ኤንዱራንስ» ብሎ ሲያወጣ ኃይሌን የተጫወተው ኃይሌ ራሱ ነው፤ ቤተሰቡም ገብተውበታል። ሯጩ የራሱን ታሪክ ራሱ ሮጠ። ጠመንጃ ያነሣችው ልጅ ግን የራሷን ታሪክ በሌላ ስም ተመልካች ሆና አየችው። አንዱ ወርቅ ይዞ የመጣ ጀግና፣ ሌላዋ ከመንደሯ የተሰደደች ልጅ ስለሆነች ይሆን?

ይህን ስል ፊልሙ ይታገድ ነበር ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ሸርተት ማለት አልፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መግለጽንም ይጨምራል። ቄሱ «ልጆቼ፣ ይህን አትዩ» ማለት መብታቸው ነው። ሼሁም እንዲሁ። እኔም «ይህ ፊልም አይረባም» ማለት መብቴ ነው፤ እንጀራዬም ነው። «አትዩ» እና «አይታይም» ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ምክር ነው፣ ሁለተኛው ሬዲዮ ማቃጠል። አበራሽም መልሷ የራሷ ፊልም፣ የራሷ መጽሐፍ፣ የራሷ ማይክሮፎን ነበር መሆን የነበረበት። ፍርድ ቤት የሄደችው ማይክሮፎኑን ማንም ስላላቀበላት ይመስለኛል። እኛ የነፃነት ወዳጆች ቀድመን ብናቀብላት ኖሮ ያ ምሽት ባልተበላሸ።

«ባህላችን ተነካ» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። ጠለፋ ብቻ አይደለም የአርሲ ባህል። ሲንቄም አለች። የአርሲ ሴት ስትበደል በትሯን ይዛ፣ የመንደሩን ሴቶች አስከትላ ትወጣለች። ካሳና ይቅርታ ሳይመጣ አትገባም። ሴት በአደባባይ የመጮህ መብቷን ከውጭ አገር አላመጣችውም፤ ከጎጆዋ ምሰሶ ሥር ነበር። የሚቀጥለውን ፊልም የሚሠራ ካለ ከእሷ ይጀምር።

በቅርቡ ለፋሲካ አቦምሳ ሄጄ «ድፍረት»ን በላፕቶፕ ለእናቴ ከፈትኩላት። ቡና ተፈልቶ ነበርና ጎረቤቶችም ነበሩ። አንዲት ከእናቴ ከፍ የሚሉ ባልቴት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ የማይውሉ፣ ገና ከደጃፍ አማትበው «ደግሞ ሰይጣን ቤቱን እቤት አመጣኸው?» አሉኝ። ተሳቀ። ተቀመጡ።

ፈረሶቹ ሲመጡ ቤቱ ጸጥ አለ። ሲኒ እንኳ አልተንኳኳም። ካለቀ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ባልቴቷ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ ወደ ማንም ሳይመለከቱ፣

«እኔንም በፈረስ ነው ያመጡኝ» አሉ።

ከእናቴ ጋር አርባ ዓመት ጎረቤት ናቸው። ልጆቻቸውን አብረው ክርስትና አስነሥተዋል፣ ባሎቻቸውን አብረው ቀብረዋል። እናቴ ደነገጠች።

«ምነው! እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከምድጃው አጠገብ ሆኜ ያን መልስ ስሰማ ያቺን የአርሲ ልጅ አሰብኳት። እናቴ ምንም አላለችም። ጀበናውን አንሥታ ሦስተኛውን ቀዳችላቸው። በረካ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሰው እሱን ጠጥቶ ይነሣል። ያን ቀን ማንም አልተነሣም።