የአውንብሩገር ጣቶች

በ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ሳንባው የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲመጣ፣ ሐኪሙ ትርታውን ይዳስሳል፣ አክታውን ያያል፣ የትንፋሹን አካሄድ ያስተውላል፤ ብዙ ጊዜም ደም ያስፈስሰዋል። ከጎድኑ ውስጥ ውኃ ይቋጠር መግል፣ በቀኝ ይሁን በግራ፣ በርግጠኝነት የሚታወቀው አስከሬኑ ሲከፈት ነበር።

ሊዮፖልድ አውንብሩገር በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ በ1722 የተወለደ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነው። ደረትን የማንኳኳት ሐሳብ የመጣለት አባቱ በርሜል እያንኳኳ የወይን ጠጁን ልክ ሲለይ አይቶ ነው ይባላል። ቪየና በነበረው የስፔን ሆስፒታል ሲሠራ ለሰባት ዓመት የሕመምተኞችን ደረት አንኳኳ፤ ያገኘውን በ1761 በላቲን ቋንቋ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ።

የአሠራሩ ጥራት ያለው በዝግጅቱ ላይ ነው። ጣቶቹን ገጥሞና ዘርግቶ በጫፋቸው ቀስ ብሎ፣ በለስላሳው ይመታል። ፊት ለፊት ሲመረምር ሕመምተኛው ራሱን ቀና፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋል፤ ጎኑ ሲመረመር እጆቹን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጀርባው ሲመረመር ጎንበስ ይላል። መጀመሪያ እንደ ወትሮው እየተነፈሰ፣ ቀጥሎ አየር ስቦ ትንፋሹን እንደያዘ ይደመጣል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ጓንቱ ነው። ባዶ እጅ ባዶ ገላን ሲመታ የቆዳው ጥፊ የውስጡን ድምፅ ስለሚያውከው፣ ወይ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ይወጠራል፣ ወይ መርማሪው ካልለሰለሰ ቆዳ የተሠራ ጓንት ያጠልቃል። ከራሱ እጅ የሚወጣውን ድምፅ እንኳ ሳይቀር አስቀድሞ ያስወገደ ሰው ነው!

የጤነኛ ደረት ድምፅ፣ እንደ እሱ አነጋገር፣ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ የለበሰ ከበሮ ሲመታ እንደሚሰማው ነው። በቀኝ በኩል ከአንገት ሥር እስከ ስድስተኛው ጎድን እንዲህ ይሰማል፤ በግራ ግን ልብ ስላለች ከአራተኛው ጎድን ጀምሮ ይታፈናል። ሳንባው የጠጠረበት ወይም ፈሳሽ የቋጠረበት ቦታ ሥጋ እንደተመታ ያህል ድፍን ይላል። ይህንንም በግምት አልተወውም፤ በአስከሬን ደረት ውስጥ ፈሳሽ ሲጨመር ድምፁ የሚታፈነው ፈሳሹ እስከደረሰበት ከፍታ ድረስ መሆኑን አረጋገጠ። ፈሳሹ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሐኪም ደግሞ በጎድኖች መካከል በስቶ ማስወጣት የሚችልበትን ቦታ ያውቃል።

የዘመኑ ሐኪሞች አብዛኞቹ ችላ አሉት። የናፖሊዮን ሐኪም ኮርቪዛር ግን በ1808 መጽሐፉን ከሰፊ ማብራሪያ ጋር ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው፤ ክብሩን ለራሱ መውሰድ ሲችል ለባለቤቱ መለሰለት። አውንብሩገር በተከታዩ ዓመት ዐረፈ። አንባቢ ሆይ፣ ሐኪም ጀርባዎን በጣቱ ሲያንኳኳ አይናገሩ፤ ያድምጥ።