ክሩን አትቁረጪው

ኪሮሽ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች የጎረቤታችን ልጅ ያጋመሰችውን ባለ ሁለት ቀለም ሻርፕ ይዛ መጣችና፣ «እትዬ፣ አንደኛው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሳለ ሌላኛው ለምን ይሰበሰብብኛል?» አለችኝ። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። «ክሩን እየጎተትሽ ስለምትወጪ ነዋ! ቀለም በቀየርሽ ቁጥር ቁረጪው፣ ትገላገያለሽ» አለቻት። ያን ቀን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን፤ ዛሬም አልተስማማንም።

ምክንያቱን ጓደኛዬ በትክክል ተናግራለች፤ የምንጣላው መድኃኒቱ ላይ ነው። ልጅቷ ሁለት ረድፍ ክሬም፣ ሁለት ረድፍ ወይን ጠጅ እያደረገች ትሠራለች፤ ተራው ያልደረሰውን ክር ሳትቆርጥ በጠርዙ በኩል ወደ ላይ ታሻግረዋለች። አሠራሯ ልክ ነው። አንድ ረድፍ ብቻ ብትሠራ ክሩ ማዶ ቀርቶ ሌላው ቀለም ወዲህ ሆኖ ይጠብቃታል። ሁለት ሲሆን ግን ሄዶ ይመለሳል፤ ሁለቱ ክሮች አንድ ጠርዝ ላይ ይገናኛሉ። ጥፋቱ ማሻገሩ ላይ አይደለም፣ መሳቡ ላይ ነው። ክሩን አንዴ ጠምጥመን የምንሠራው ረጅሙ ኪሮሽ፣ ወፈር ባለ ክር ሲሆን፣ ሁለት ረድፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከታች የሚወጣው ክርም ያንኑ ያህል ካልተሰጠው ጠርዙን ይዞት ይወርዳል። በየሁለት ረድፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብትነፍጊው፣ 180 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሻርፕ ሲያልቅ አንዱ ጎኑ ከሌላው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ሊያጥር ነው። ይህን በእንፋሎትም በካውያም አታቃኚውም።

ቀለም ከመቀየርሽ በፊት ሥራውን ከጭንሽ አንሺና ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው። ጭን ላይ የተቀመጠ ሻርፕ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ጠርዝ አጭር ይመስላል፤ እጅም በዚያው ልክ ክር ይቆጥባል። በመዳፍሽ ዳበስ ዳበስ አድርጊው። ክሩ ጠርዙን ተከትሎ ሳይወጠር ሲደርስ ያን ጊዜ በኪሮሹ ያዢው። አንዱ ቀለም ከአራት ረድፍ በላይ የሚሄድ ከሆነ ያረፈውን ክር በየሁለት ረድፉ መታጠፊያው ላይ ከሚሠራው ክር ጋር አንድ ጊዜ አቆላልፊው፤ አለበለዚያ ተንጠልጥሎ ይቀርና የሕፃን ጣት ይገባበታል። ሌላ ምስጢር የለውም።

እንደኔ እንደኔ ግን ችግሩ ገና ቀለም ሳይቀየር የጀመረ ነው። አብዛኞቻችን ኪሮሽ የያዝነው በዳንቴል ነው። ዳንቴል ቀጭን የብረት ኪሮሽና ቀጭን የጥጥ ክር ይፈልጋል፤ እጅ በጠበቀ ቁጥር አበባው ጎልቶ ይወጣል፤ አሚዶ ጠጥቶ ሲደርቅ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል። «እጇ ጥብቅ ነው» መባል ምስጋና ነበር። ሻርፕ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ከትከሻ ላይ መፍሰስ አለበት። በዳንቴል እጅ የተሠራ ሻርፕ እንደ ካርቶን ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ የክሩ ወረቀት ላይ አራት ሚሊ ሜትር ተብሎ ቢጻፍም እኔ አምስት ተኩል ወይም ስድስት ነው የምይዘው፤ የመጀመሪያውን ሰንሰለት ደግሞ ከዚያም በሚበልጥ ኪሮሽ እሠራለሁ። ክር ሻጮች ይህን ስላቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እንቁረጠው ካልን ደግሞ ሒሳቡን እንሥራ። በየሦስት ሳንቲ ሜትሩ ቀለም የሚቀየር 180 ሳንቲ ሜትር ሻርፕ ወደ 60 ጊዜ ይቆረጣል። እያንዳንዱ መቁረጥ ሁለት ጫፍ ይተዋል፤ 120 ጫፍ መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ በመርፌ ወደ ውስጥ ሊሸሸግ ነው! ሱፍ ቢሆን እርስ በርሱ ይያያዝልሽ ነበር፤ ገበያችንን የሞላው አክሪሊክ ግን ልሙጥ ነው፣ ጥቂት ሲታጠብ ጫፉ ሾልኮ ይወጣል። መቋጠሩም አያዋጣም፤ ቋጠሮ ዞሮ ዞሮ በፊት ለፊት ብቅ ይላል።

ጓደኛዬ ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። ሻርፑን በወርዱ ሳይሆን በርዝመቱ ሥሪው ትላለች፤ ያን ጊዜ በየረድፉ ብትቆርጪም ጫፉ ሁሉ በሁለቱ ዳር ይወርድና ራሱ ዘርፍ ይሆናል። በየአንድ ረድፉ ቀለም መለዋወጥም የምትችዪው እንዲህ ስትሠሪ ነው። ሥራዋ ያምራል፣ አልክድም። የነጠላ ዘርፍ ግን ከድሩ ከራሱ የሚተርፍ ነው፤ ክሩ ከዳር እስከ ዳር በማጉ ተይዞ ይሄዳል፤ የትም አይሾልክም። የኪሮሽ ዘርፍ የሚያቆመው ዳር ላይ ያለችው ቋጠሮ ብቻ ናት። አንዲቷ ከተፈታች ረድፉ ከዚያው ይጀምርና መላላት ነው። ቋጥሬ አሳይሻለሁ ብላ ፎከረች፤ እስቲ ከርሞ ከታጠበ በኋላ እናየዋለን።

ባለ ሁለት ቀለም ለጀማሪ የምመክረው ለውበቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክር ሁልጊዜ መሃል ላይ ያልቃል። ያንኑ ቀለም ፍለጋ መርካቶ ተመልሰሽ ስትሄጂ፣ አንድ ስም ያለው ወይን ጠጅ በሌላ ጊዜ የተነከረ ይሆንና ደብዘዝ ብሎ ወይም ጠቆር ብሎ ይመጣል። ነጋዴው «ያው ነው» ይላል፤ ያው አይደለም። የተነከረበት ቁጥር ወረቀቱ ላይ አለ፣ እዩት። በአንድ ቀለም ሻርፕ ላይ ልዩነቱ መስመር ሠርቶ ይታያል፤ በመሃል ክሬም ከገባበት ግን ዐይን አይዘውም። ደማቁ ክር ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ ቆርጣችሁ አርጥቡና በነጭ ጨርቅ ጨምቁት። ጨርቁን ካቀለመው ክሬሙንም ማቅለሙ አይቀርም።

እኔ ያደግሁበት ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ በኋላም ቴሌቪዥኑ ሁሉ ለብሷል። እማዬ ማታ ማታ፣ እንጀራው ተጋግሮ ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ፣ ኪሮሿን ታነሳለች። ለራሷ ግን የሚለበስ ነገር ስትሠራ አይቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያትም አላውቅም፤ ልጅ ሆኜ እጅ ሥራ ማለት ዕቃ ማልበስ ይመስለኝ ነበር። ሻርፕ መሥራት የጀመርኩት ካገባሁ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን ለአንዲት አራስ ሠራሁ፤ ልጇን ስታጠባ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገው ነበር። ሰው ሲለብሰው ማየት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳንቴል አልሠራሁም ማለት ይቻላል፤ ዳንቴል ለሚያዙኝም ወደ ጓደኛዬ እልካቸዋለሁ።

ለእማዬም ክሬምና ቡኒ ሠራሁላት፤ ሰፊ፣ ልል፣ ክሩ አንድም ቦታ ያልተቆረጠ። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የሚለበስ ነው» አልኳት።

«ብለብሰው ይቆሽሻል» አለችኝ፤ ጠርዙን በመዳፏ እያስተካከለች።