በሲና ገዳም ስላለው የክርስቶስ ሥዕል፤ ሰሙና ወርቁ

ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ወደ ሲና ተራራ የሚሄዱ ተሳላሚዎች በቅድስት ካትሪና ገዳም ከሚያገኟቸው ጥንታውያን ሥዕላት መካከል እጅግ የታወቀው፥ ከወገቡ በላይ የተሣለው የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሥዕል ነው። የተሣለበት ሳንቃ ቁመቱ 84 ሴንቲ ሜትር፥ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ጌታችን ሐምራዊ ልብስ ለብሶ፥ በቀኝ እጁ እየባረከ፥ በግራ እጁ በዕንቍ ያጌጠ ወፍራም ወንጌል አቅፎ ይታያል። ሥዕሉን ቀርቦ የተመለከተ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የፊቱ ቀኝና ግራ አለመመሳሰሉ ነው። በቀኙ በኩል ገጹ ብሩህና ጸጥ ያለ ነው፤ በግራው በኩል ግን ቅንድቡ ወደ ላይ ተነሥቶ፥ ጉንጩ ጥላ አጥልቶበት፥ አመለካከቱ ጠንከር ብሎ ይታያል።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ጸሓፊዎች፥ ሠዓሊው በአንዱ ጉንጭ መለኮትን፥ በሌላው ጉንጭ ትስብእትን ለይቶ አመለከተ ይላሉ። ይህም ትርጓሜ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተላለፈ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሆኖ ይነገራል። እኛ ግን፥ ትርጓሜው ከሥዕሉ የወጣ ነው ወይስ በሥዕሉ ላይ የተጫነ ነው ብለን ልንመረምር ይገባናል።

የቅኔ መምህራን ለደቀ መዛሙርታቸው አስቀድመው የሚያስተምሩት ሰሙን መፍታት ነው። ሰሙን ሳይፈታ ወርቁን አገኘሁ የሚል ተማሪ ያገኘው የባለ ቅኔውን ወርቅ ሳይሆን የራሱን አሳብ ነው። የመጻሕፍት መምህራንም ንባቡን ሳያቀኑ ወደ አንድምታው አይሻገሩም። ሥዕልም የራሱ ንባብ አለው፤ ንባቡም ሳንቃው፥ ቀለሙና የሠዓሊው እጅ አካሄድ ነው።

የዚህ ሥዕል ንባብ ደግሞ በእውነት ሰም ነው። የተሠራው ግሪኮች ኤንካውስቲክ በሚሉት ጥበብ ነውና። በዚህ ጥበብ ሠዓሊው የንብ ሰም በእሳት አቅልጦ፥ የቀለም ዱቄት ለውሶበት፥ ሳይበርድ ፈጥኖ በእንጨቱ ላይ ይቀባል፤ ደግሞም በጋለ ብረት ያስተካክለዋል። ሰሙ ቶሎ ስለሚረጋ የእጁ አካሄድ ታትሞ ይቀራል፤ ወፍራምና ስስ እየሆነ ሲደራረብም ሕያው ሥጋ ያስመስላል። ስለዚህ ጥበቡ ለብርሃንና ለጥላ የተመቸ ነው፤ ብርሃን ከአንድ ወገን ሲመጣ ሌላው ወገን ይጠቍራል።

ይህ ጥበብ በክርስቲያኖች የተጀመረ አይደለም። በግብፅ በፋዩም አውራጃ ከ1ኛው እስከ 3ኛው መቶ ዓመት ድረስ የሰዎች መልክ በሳንቃ ላይ በሰም እየተሣለ፥ በመድኃኒት በደረቀው በድናቸው ፊት ላይ ይታሰር ነበር። በብዙዎቹም ብርሃኑ በአንዱ ጉንጭ፥ ጥላው በሌላው ጉንጭ ነው። የተሣሉት ግን እንደ እኛ ያሉ ሰዎች፥ ወንዶችና ሴቶች፥ ሕፃናትም ናቸው፤ ስለ እነርሱም መለኮትና ትስብእት የሚል የለም። እንግዲህ የጉንጭ ጥላ ብቻውን ለምሥጢር ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከአሠራሩ ቀጥሎ የሥዕሉ ታሪክ መታወቅ አለበት። ገዳሙን ያሠራው ከ527 እስከ 565 ዓ.ም. የነገሠው ዮስጢንያኖስ ነው፤ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት የቍስጥንጥንያ ነገሥታት ሥዕልን በከለከሉ ጊዜ ሲና ከግዛታቸው ውጭ ስለ ነበረች ይህ ሥዕል ተረፈ። ነገር ግን ልናስተያያቸው የሚገቡን የዘመኑ ሥዕላት አብዛኞቹ ጠፍተዋል። በ13ኛው መቶ ዓመትም ሌላ ቀለም ስለ ተቀባበት፥ የዚያ ዘመን ሥራ ይመስል ነበር። በ1962 ዓ.ም. የላዩ ቀለም ሲነሣለት የጥንቱ ሰም ተገለጠ፤ ግሪካዊው ሊቅ ማኖሊስ ካትዚዳኪስም በ1967 ዓ.ም. ስለ እርሱ ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት የ6ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው ይላሉ። እንግዲህ የገጹን ሁለት ወገን እያነጻጸሩ የሚተረጕሙት፥ ብዙ ትውልድ ተሳላሚ ያላየውን፥ ከ1962 ዓ.ም. ወዲህ የተገለጠውን ገጽ ነው።

አሁን ወደ ትርጓሜው እንመለስ። በአንድ በኩል፥ ጥላ ጉንጭን ያጠቍራል እንጂ ቅንድብን አያነሣም፤ ስለዚህ ሠዓሊው ልዩነቱን አውቆ እንዳደረገው እናምናለን። በሌላ በኩል ግን፥ አንዳንዶቹ መለኮትና ትስብእት ያሉትን ሌሎቹ ምሕረትና ፍርድ ነው ይላሉ። ሠዓሊው ያሰበውን ጽፎ ያስቀረልን ቃል የለም። ደግሞም ትርጓሜውን ለማጽናት ፎቶግራፉን ከመካከሉ ከፍለው፥ እያንዳንዱን እኩሌታ በመስታወት እንደሚታይ አድርገው በማጋጠም ሁለት ፊት የሚያወጡ አሉ። እነዚህ ሁለት ፊቶች ግን በሳንቃው ላይ የሉም፤ የከፋዩ ሥራ ናቸው። በሥዕሉ ፊት ቆሞ የሚጸልይ ሰው የሚያየው አንድ ፊት ነው።

የገዳሙ መነኰሳት በ451 ዓ.ም. የተደረገውን የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበሉ ስለ ሆኑ፥ ሥዕሉ የዚያን ጉባኤ ትምህርት ይናገራል የሚሉ አይታጡም። ይህ ሊሆን አይችልም ማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን የባለቤቶቹን ሃይማኖት ማወቅ የሥዕሉን ቃል መስማት አይደለም። እኛም ደግሞ ልንጠነቀቅ ይገባናል። አንዱን ፊት አይተን፥ እነሆ ሥዕሉ ተዋሕዶን መሰከረልን ብንል፥ በእነርሱ የነቀፍነውን ስሕተት እኛው መድገማችን ነው። ሃይማኖታችን በቅዱሳት መጻሕፍትና በአበው ትምህርት የጸና ስለ ሆነ፥ ከሠዓሊ ቅንድብ ምስክር መለመን አያስፈልገውም።

እንግዲያስ ሥዕሉ ራሱ የሚሰጠን ምንድር ነው? የሚሰጠን የሚመለከት ገጽ ነው። ሁለቱ ወገን ፍጹም ቢተካከሉ ኖሮ ፊቱ እንደ ማኅተም የረጋ በሆነ ነበር። ስላልተካከሉ ግን ገጹ ሕያው ሆነ፤ በአንድ ጊዜ ያቀርባልም፥ ያስፈራልም። ይህን ለማየት ፎቶግራፍ መክፈል አያሻም፤ ቀርቦ ዝም ብሎ መቆም ይበቃል።

ስለዚህ ሥዕሉን ለምእመናን የሚያስረዱ ካህናት አስቀድመው ሰሙን፥ እሳቱን፥ የሠዓሊውን እጅና የሥዕሉን ዘመን ይንገሩ። ከዚያ በኋላ፥ አንድም የመለኮትና የትስብእት ምሳሌ ነው ይላሉ፥ አንድም የምሕረትና የፍርድ ነው ይላሉ ብለው ቢጨምሩ ነውር የለበትም። ነውሩ አንድምታውን ንባብ ማድረግ ነው። ንባቡን የሰማ ተሳላሚ ትርጓሜውን ለራሱ መመዘን ይችላል፤ ትርጓሜውን ብቻ የሰማ ግን ወደ አገሩ የሚመለሰው የሌላ ሰው አሳብ ይዞ፥ ሥዕሉን ሳያይ ነው።