ዕድሜ በዓመት ብቻ ይቆጠራልን?

«እርጅና ብቻህን ና» ይላል ያገራችን ሰው። ሕመምና ችግር ተከትለው እንዳይመጡ መማጸኑ ነው። አባባሉ በስም ያልጠራው ሦስተኛ ጓደኛ ግን አለ፤ እሱም ከሰው መሐል ቦታ ማጣት ነው። ለመሆኑ ስለ ጎልማሳነትና ስለ እርጅና የሚያጠናው ሥነ ልቡና ይህን ሦስተኛውን ምን ያህል አስተውሎታል?

በዘርፉ ስመ ጥር ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው «ልጅነትና ኅብረተሰብ» ነው። ፍሮይድ የሰውን ጠባይ ከልጅነቱ ሲመዝዝ፣ ኤሪክሰን ዕድገት እስከ ዕለተ ሞት ይቀጥላል ብሎ ሕይወትን በስምንት ደረጃ ከፈለ። በሰባተኛው ደረጃ ጎልማሳው ለተተኪው ትውልድ ያስባል፤ አለዚያ በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር ይደርቃል። በስምንተኛው አዛውንቱ ያሳለፈውን ሕይወት «የኔ ነው» ብሎ ይቀበላል፤ አለዚያ ተስፋ ይቆርጣል። መጽሐፉ ሊመሰገን የሚገባው ጎልማሳን ዕድገቱን የጨረሰ ሰው አድርጎ ባለማየቱ ነው።

ዳሩ ግን ደራሲው ያን ጊዜ ገና አምሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ስለ ስምንተኛው ደረጃ የጻፈው ሳይደርስበት ነው። ባለቤቱና የሥራ ባልደረባው ጆአን ኤሪክሰን ዘጠናን ካለፈች በኋላ ዘጠነኛ ደረጃ ጨመረች፤ ጽሑፏም እሱ በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ታተመ። በዚያ ዕድሜ ጉልበትም በራስ መተማመንም ይከዳል፤ ኅብረተሰቡም ለአረጋውያን የሚሆን ቦታ አላዘጋጀም ትላለች።

ስለ ቦታ ከተነሣ፣ ከባሌዋ አጋርፋ የምንማረው አለ። አጋርፋ የአርሲ ኦሮሞ ምድር ናት። የአርሲ ገዳ ቢርመጂ፣ ቡልቱማ፣ ሆራታ፣ ባሃራና ሮበሌ የሚባሉ አምስት ክፍሎች በየስምንት ዓመቱ የሚፈራረቁበት ሥርዓት ነው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ያጠኑት የቦረናውን ነው። እዚያ የልጅ እርከን የሚወሰነው በራሱ ዕድሜ ሳይሆን ከአባቱ እርከን አርባ ዓመት በመራቅ ነው። ስለዚህ አባቱ በስተርጅናው የወለደው ሕፃን እንደ ተወለደ ከጎልማሶች እርከን ሊመደብ ይችላል። ዓመትና እርከን እንዲህ ሲራራቁ የሚፈጠረውን ችግር አስመሮም አልሸሸጉም። ቁም ነገሩ ግን ዕድሜ ሌሎች የሚሰጡን ቦታም መሆኑ ነው። አማርኛችንም ይህን ያውቃል፤ ሽማግሌ ያረጀ ሰው ነው፣ ገና ባያረጅም አስታራቂ ነው።

ገዳ በቀጥታ የሚቆጥረው ወንዱን መሆኑ አይካድም። የአርሲ ሴት ግን ሲንቄ አላት፤ በሠርጓ ከእናቷ የምትቀበላት በትር ናት። መብቷ ሲነካ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 የኤሪክሰን ደረጃዎች በወንድ ሕይወት ልክ የተሰፉ ናቸው ስትል መተቸቷ እዚህ ላይ ይታወሳል።

ጀርመናዊው ፖል ባልተስ በበኩሉ በወጉ ማርጀት ሦስት ነገር ይጠይቃል ይላል፤ መምረጥ፣ በመረጡት መጠንከር፣ የጎደለውን በሌላ ማካካስ። ምሳሌው ፒያኖ ተጫዋቹ አርተር ሩቢንስታይን ነው። በሽምግልናው ጥቂት ሥራዎች መርጦ አብዝቶ ይለማመድ ነበር፤ ፈጣኑ ክፍል ፈጣን ሆኖ እንዲሰማም ከዚያ በፊት ያለውን ያዘገየው ነበር። ስንዴና ገብስ በሚበቅልባት አጋርፋም ጉልበቱ የደከመ ገበሬ ማሳውን ለልጁ ወይም ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ እሱ ዘር በመምረጥና ጠበኛ በማስታረቅ ቢውል ያደረገው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን መምረጥ የሚቻለው የሚመርጡት ነገር ሲቀር ነው። ሩቢንስታይን ፒያኖውን የወሰደበት የለም። የመንግሥት ሠራተኛው ግን 60 ዓመት ሲሞላው ሥራውን በአንድ ቀን ያስረክባል። ሥነ ልቡናው አዛውንቱ በልቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረናል፤ እኛ ምን ልንተውለት እንደሚገባ ግን እምብዛም አይናገርም፤ ትችቴም ይኸው ነው። ጡረታ ከመጦር የመጣ ቃል ነው፤ አዛውንቱን ተቀባይ ያደርገዋል። ሽምግልና ግን ሰጪ ያደርገዋል። በየከተማችን የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ሁለተኛውን ለገጠሩ ከተውነው፣ እርጅና ብቻውን አይመጣልንም።