«አሥሩ ምክሮች» ለቀይ ቀበሮ ምን ይጠቅሙታል?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «አካባቢን ለመጠበቅ ማድረግ ያለብን አሥር ነገሮች» ብላችሁ ፈልጉ። የምታገኙትን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ መብራት አጥፉ፣ ጥርስ ስትቦርሹ ቧንቧ ዝጉ፣ ፌስታል አትጠቀሙ፣ ዛፍ ትከሉ፣ በእግር ሂዱ። ከዝርዝሩ በላይ ብዙ ጊዜ የአንድ ያማረ የዱር እንስሳ ፎቶ ይቀመጣል። በእኛ አገር ከሆነ ዋሊያ፣ ጭላዳ ወይም ቀይ ቀበሮ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ እነዚህን ካደረጋችሁ ይህ እንስሳ ይተርፋል።

ሌሎችን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር እኔም አዘጋጅቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ተጋብዤ ስለ ቀይ ቀበሮ ገለጻ አደረግሁና መጨረሻ ላይ የተለመዱትን ምክሮች ደረደርኩ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኔ ቤት መብራት ሳጠፋ ቀበሮው ምን ያገኛል?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። «በተፈጥሮ ውስጥ ሁሉም ነገር የተያያዘ ነው» ብዬ ሸፋፍኜ አለፍኩት።

ልጅቷ የጠየቀችው ትክክለኛ የሳይንስ ጥያቄ ነበር። ሁሉም ነገር የተያያዘ ነው ማለት መልስ አይሆንም። በምን በኩል ነው የተያያዘው? ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው፤ በዚያውም የምክር ዝርዝሮቹን ራሳቸውን እንመረምራቸዋለን።

ቀበሮውን የሚገድለው ምንድን ነው?

መጀመሪያ እንስሳውን እንወቀው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር አይገኝም። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። የተቀሩት በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአርሲና በሌሎች ጥቂት ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትነው ይገኛሉ። መኖሪያው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ውርጫማ የሣር ምድር ነው። ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው፤ በተለይ ባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ዋና ቀለቡ ነው።

የሚያድነው ለብቻው ነው፤ የሚኖረው ግን በመንጋ ነው። ጠዋትና ማታ የመንጋው አባላት ይገናኛሉ፤ ይላላሳሉ፣ ይሻሻሉ፣ ግዛታቸውን አብረው ይዞራሉ። ይህ ፍቅራቸው ነው ትልቁ አደጋ። አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው ቫይረሱ መንጋውን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

በሽታው የሚመጣው ከየት ነው? ከሰው ውሻ። በባሌ ተራሮች ውስጥና ዙሪያ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ከጅብ የሚጠብቁላቸውን ውሾች ያሳድጋሉ። ውሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አይታሰሩም፤ ምግባቸውንም ዞረው ነው የሚፈልጉት። ሲዞሩ ቀበሮ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች ፈጅቷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በወብ ሸለቆ ከነበሩት አራት ቀበሮዎች ሦስቱ ገደማ አልቀዋል። ካናይን ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ተከስቶ ብዙ ገድሏል።

ሁለተኛው ጠላት የመሬት መጥበብ ነው። የገብስ ማሳና ግጦሽ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ የቀበሮው አገር ይቀንሳል። ተራራ ደግሞ ጫፍ አለው፤ ከዚያ በላይ መሸሻ የለም። ሦስተኛው መኪና ነው፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ መሃል ለመሃል ያቋርጣል፣ በላዩ የሚከንፍ ሾፌርም አይጠፋም።

እንግዲህ አሥሩን ምክሮች መልሳችሁ እዩዋቸው። «ውሻችሁን አስከትቡ» የሚል አለ? እኔ ካየኋቸው ዝርዝሮች በአንዱም አላገኘሁትም።

ምክሮቹ ሲመረመሩ

*መብራት አጥፉ።* ይህ ምክር ሲፈጠር ቦታ ነበረው። ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከጋዝ በሚመነጭበት አገር አምፖል ማጥፋት የሚቃጠለውን ነዳጅ ይቀንሳል። ዘመዶቻችሁ ዱባይ ካሉ ማቀዝቀዣቸውን ቀነስ ማድረጋቸው ትርጉም አለው፤ የዚያ አገር መብራት ትልቁ ክፍል የሚመነጨው ከጋዝ ነውና። በኢትዮጵያ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከውኃ ነው። መብራት ማጥፋት ወጪ ይቆጥባል፣ በመስመሩ ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል፤ ጥሩ ልማድ ነው። የካርቦን ልቀት ወሬ ግን እዚህ ብዙም አይሠራም።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ አንድ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ደግሞ 10 ዋት። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት እንጀራ መጋገር ማለት አንድን አምፖል ለ300 ሰዓት ማብራት ነው። ታዲያ ምጣዱን እንተው? የለም! ምጣዱን ትታችሁ ወደ እንጨት ብትሄዱ ጉዳቱ ይብሳል። በአገራችን ለዱር እንስሳት መኖሪያ ትልቁ የጉልበት ጥያቄ ያለው አምፖሉ ጋ ሳይሆን ምድጃው ጋ ነው። በባህላዊ መንገድ አፈር ተከምሮበት የሚከሰል 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ዝርዝሩ ግን ስለ ከሰል ዝም ይላል። ለምን? የተቀዳው ከሰል በማያበስል ኩሽና ውስጥ ከሚኖር ሰው ነዋ።

*ዛፍ ትከሉ።* ይህን ስተች አትቆጡኝ። ዛፍ እወዳለሁ፤ የተራቆተ ኮረብታ ላይ አገር በቀል ችግኝ መትከልና ተከታትሎ ማሳደግ ትልቅ ሥራ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን የሜዳ እንስሳ ነው። ፍልፈሉን የሚያድነው ዓይኑ እስከ ሩቅ በሚያይበት ክፍት ሣር ላይ ነው። ያንን ሣር «ባዶ መሬት» ብለን ባሕር ዛፍ ብንተክልበት፣ እሱን አዳንን እያልን ቤቱን እናፈርስበታለን። ዛፍ የሌለበት ቦታ ሁሉ የተራቆተ አይደለም። «የት?» ሳይባል «ትከሉ» ማለት ግማሽ ምክር ነው።

*ፌስታል አትጠቀሙ።* ይህኛው እውነተኛ ምክንያት አለው። ፌስታል የከተማ ቦይ ይዘጋል፤ ከብትና ፍየል ሲውጡት ሆዳቸው ውስጥ ይከማቻል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ በጣም ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ የሆነውን ግን ታውቁታላችሁ፣ ሱቁ ሁሉ ፌስታል እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ምክሩ ትክክል ነው፣ ፎቶው ግን ስህተት ነው። ከዚህ ምክር በላይ መቀመጥ የነበረበት የቀይ ቀበሮ ሳይሆን የላም ፎቶ ነው።

መንገዱን ስታገኙ ምን ይሆናል?

«ታዲያ ተራ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም ልትለን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ተቃራኒውን ነው የምለው። በዕለት ተዕለት ኑሯችንና በዱር እንስሳት መካከል ያለው መንገድ አንዳንዴ ከምንገምተው በላይ አጭር ነው። መንገዱ ግን በግምት አይገኝም፤ መጠናት አለበት።

የሕንድን ጥንብ አንሳዎች ታሪክ ስሙ። በ1990ዎቹ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ሰማዩን ይሞሉ የነበሩ ጥንብ አንሳዎች በድንገት ረገፉ። የሦስት ዝርያዎች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ። መጀመሪያ በሽታ ነው ተባለ። በ2004 ግን ተመራማሪዎች ምክንያቱን አሳወቁ፦ ዳይክሎፌናክ። አዎ፣ ፋርማሲ የሚሸጠው ያው የሕመም ማስታገሻ። ገበሬዎች ለታመመ ከብት ይሰጡታል፤ ከብቱ ከሞተ ጥንብ አንሳው ሥጋውን ይበላል፤ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ያቆመዋል፤ ወፉ በቀናት ውስጥ ይሞታል። በ2006 ሦስቱ አገሮች መድኃኒቱን ለከብት ሕክምና እንዳይውል ከለከሉ፤ በምትኩ ለጥንብ አንሳ የማይጎዳው ሜሎክሲካም መጣ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ሬሳው ሜዳ ላይ ቀረ። ማን በላው? ውሻ። የባለቤት አልባ ውሾች ቁጥር ጨመረ፤ ከእነሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት። «ሁሉም ነገር የተያያዘ ነው» ማለት እንዲህ እያንዳንዱ ቀለበት ሲታይ ነው ትርጉም የሚኖረው። በዚያ ዘመን ለሕንድ ገበሬዎች «ጥንብ አንሳን ለማዳን መብራት አጥፉ» ቢባል ኖሮ፣ ሁሉም ቢታዘዝ እንኳ አንድም ወፍ አይተርፍም ነበር።

ዝርዝሩ የረሳው ሌላ ነገር

አንድ የመጨረሻ ቅሬታ አለኝ። እነዚህ ዝርዝሮች የሚያናግሩት ሁልጊዜ አንድን ሰው ለብቻው ነው። አጥፋ፣ ዝጋ፣ ተው። ጎረቤት የለም፣ ቀበሌ የለም፣ ሕግ የለም።

መንዝ ጓሳ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። የአካባቢው ሕዝብ ይህን የሣር ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት በጋራ ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋና ሲደርስ በተወሰነ ጊዜ ለሁሉም ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ባህላዊው አስተዳደር በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በኋላ በማኅበረሰብ ደረጃ እንደገና አደራጀው። ዛሬም እዚያ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለ። ሰዎቹ ደንቡን ያወጡት ለቀበሮ ብለው አልነበረም፤ ለጣሪያቸው ብለው ነው። ቀበሮው በዚያ ጣሪያ ሥር ተጠለለ ማለት ይቻላል። ዘላቂ ኑሮ የሚባለው ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ ግን በየትኛው የ«አሥር ነገሮች» ዝርዝር ውስጥ ይገባል?

ለዝርዝሩ የምሰጠው ፍርድ

ሚዛናዊ ልሁን። ትናንሽ ልማዶች ሰውን ስለ ተፈጥሮ እንዲያስብ ያደርጋሉ የሚል መከራከሪያ አለ፤ ውሸት አይደለም። የአየር ንብረት መሞቅም ቀበሮውን ወደ ተራራው ጫፍ ስለሚገፋው ነዳጅ መቆጠብ በረጅሙ መንገድ ይደርስለታል። ግን አንድ አደጋ አለ። ቀላሉን የሠራ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መብራቱን አጥፍቶ ተኛ፣ ቀበሮው ዳነለት!

ስለዚህ ቀጣዩን ዝርዝር ስታነቡ ከእያንዳንዱ ምክር አጠገብ ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ይህን እንስሳ በትክክል የሚገድለው ምንድን ነው? ከእኔ እጅ እስከ እሱ ያለው መንገድ በየት በኩል ነው? ለብቻዬ የምሠራው ነው ወይስ ከሌሎች ጋር? መልስ ያጣ ምክር ይሰረዝ አልልም፤ ፎቶው ግን ይነሳለት።

ባሌ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ መልሱ ቅርብ ነው፦ የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ ውሻውን ይዛችሁ ውጡ፤ ጎረቤትም ቀስቅሱ። የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው፤ ይህ ቁጥር በአንድ ቤት አይሞላም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባሌ ውሾች ይከተባሉ፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ እየተደረገ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በአፍ መስጠት ተጀምሯል። በሳነቴ መንገድ የምትሄዱ ሾፌሩን «ቀስ በል» በሉት።

እኔስ? ከዚያች ተማሪ ጥያቄ በኋላ ቤት ስገባ ግቢ ውስጥ ያለው ውሻችን እየዘለለ ተቀበለኝ። ስለ እብድ ውሻ በሽታ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሬ መምጣቴ ነው። ውሻችን ተከትቦ አያውቅም ነበር። የአዲስ አበባ ውሻ ሳነቴ ድረስ ሄዶ ቀበሮ አይነክስም፤ ያንን ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። የሰፈራችን ልጆች ግን በሩ ላይ ነው የሚጫወቱት። በማግሥቱ አስከተብኩት። መብራቱንም አሁንም አጠፋለሁ፤ ግን ለቀበሮው ብዬ ሳይሆን ለቆጣሪው ብዬ።